አንድ ቤት በሦስት መነጽር

ቴክኒሻኑ ከገዛ መኝታ ቤቱ ከተባረረ ስምንት ወሩ ነው። "ተባረረ" ይከብዳል ካላችሁ "ለቀቀ" በሉት፤ ለወገቡ ያው ነው። አማቱ ጉልበታቸውን ታመው፣ አሮጌው ቤታቸው ፈርሶ በአዲስ እስኪሠራ ድረስ "ለአራት ወር ብቻ" ብለው መጡ። ቤቱ ያለው አንድ መኝታ ክፍል ነው። አልጋው ለአማቱና ለሚስቱ ሆነና እሱ ሳሎን ወዳለው ሶፋ ተዛወረ። ሶፋው ባለሁለት መቀመጫ ነው። እሱ ደግሞ አምፖል ለመቀየር መሰላል የማያስፈልገው ሰው ነው። ሲተኛ ወይ እግሩ ውጭ ያድራል ወይ አንገቱ፤ እንዳይቀያየሙ በየተራ ያሳድራቸዋል።

አራቱ ወር ስምንት ወር የሆነው በግንበኛ ጥፋት አይደለም። በአማቱ በእማማ ልጆች ነው። እማማ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ከእናቱ ሆድ ተቀብለዋል፤ የገዛ ሦስት ልጆቻቸውን ግን እስከ ዛሬ ማገላገል አቅቷቸዋል። ትልቁ የትምህርት ቤት ዲሬክተር ነው። ሦስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ካየ ሰልፍ የወጣ ተማሪ ይመስለዋል። መካከለኛዋ የቴክኒሻኑ ሚስት ናት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ሰው ስትተዋወቅ ከፊቱ በፊት ትከሻውን ነው የምታየው። ታናሿ ፋርማሲስት ናት። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳታነብ የተቀበለችው ነገር በዕድሜዋ የለም።

ሦስቱ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ለእናታቸው ጥሩ ቤት ይሠራ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጦርነት ነው። ዲሬክተሩ "ማዕድ ቤቱ በግራ በኩል ይሁን፤ የጠዋት ፀሐይ ያለው እዚያ ነው" ይላል። ፋርማሲስቷ "የእማዬ ክፍል ሰፊ ካልሆነ እጄን ቢቆርጡኝ አልፈርምም" ትላለች። ሚስትየዋ ደግሞ አንዲት ደረጃ ካየች ንድፉን ቀድዳ እንደምትጥለው ምላለች፤ የእናቷ ጉልበት ደረጃ አይችልም። አርክቴክቱ ስንት ጊዜ ወረቀት ይዞ ተመላለሰ! ወረቀቱን አንዱ በቁሙ አንዱ በጎኑ ያዩትና፣ ያልገባቸውን ያህል ይጣላሉ።

በመጨረሻ ኮንትራክተሩ መረረው። "እስከ ዓርብ ድረስ ተስማምታችሁ ካልፈረማችሁ ሌላ ሥራ እጀምራለሁ። ከዚያ በኋላ የምገኘው ለከርሞ ነው" አለና ስልኩን ዘጋ።

ለከርሞ! ቴክኒሻኑ ይህን የሰማው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው። ወገቡ ከጆሮው ቀድሞ ሰማ።

አርክቴክቱም ወረቀት ማመላለሱ ታክቶት ኖሮ፣ ንድፉን በፋይል ላከና "በመነጽር ግቡበት፤ በየትኛውም መነጽር ይታያል" አላቸው። መነጽር ያለው ያን ዓይን ላይ ታስሮ የሌለን ቤት እንዳለ አድርጎ የሚያሳየውን ነው። ቤተሰቡ ውስጥ ሦስት ዓይነት ተገኘ። ዲሬክተሩ ለሳይንስ ክፍል ከተገዙት አንዱን ከትምህርት ቤቱ ተውሶ መጣ፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ የብየዳ ሠራተኛ ጭንብል የመሰለ። ፋርማሲስቷ ለራሷ የገዛችው ነጭ ነበራት፤ ስስና ቄንጠኛ። ሚስትየዋ ስልኳን የምትከትበት የፕላስቲክ ቤት ነበራት፤ ማሰሪያው ቢበጠስባት በቀሚስ ላስቲክ ሰፍታዋለች። ሦስቱም የሦስት ኩባንያ ዕቃ ናቸው። ኩባንያዎቹ ደግሞ በየአጥራቸው ውስጥ በየቋንቋቸው ከማውራት በቀር እርስ በርስ ሰላም አይባባሉም።

"ሦስቱንም አንድ ቤት ውስጥ ታስገባልናለህ? ይሠራል?" አለ ዲሬክተሩ።

"ይሠራል!" አለ ቴክኒሻኑ።

ይህ ቃል ነው ሰፈሩ ውስጥ ስሙ የሆነው። የተቃጠለ ቴሌቪዥን አምጡለት፣ ውኃ የገባበት ስልክ አምጡለት፣ መኪና የሄደበት ሬዲዮ በፌስታል ሰብስባችሁ አምጡለት፤ ገና ሳያየው "ይሠራል" ይላል። ስለዚህ ሰው ሁሉ "ይሠራል" ብሎ ይጠራዋል። አንዳንዴም፣ እውነቱ ይነገር፣ ዕቃው ይሠራል።

ሁለት ቀን ሱቁን ዘግቶ ደከመ። አንዱን ፋይል ሦስቱ መነጽሮች በሚፈልጉት በሦስት ዓይነት ገለበጠው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋ፣ ጠረጴዛውን ኮሪደር ላይ አወጣና ሦስቱን ልጆች ሳሎን መሐል አቆማቸው። እማማ መስኮቱ ሥር ባለች ወንበራቸው ላይ ጥቁርና ነጭ ዳማ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠዋል። የራሱን መነጽር፣ ደንበኛ ረስቶት የሄደውንና ራሱ ያዳነውን አሮጌውን፣ ቢሰጣቸው አልቀበልም አሉ።

"የምኖርበት ቤት ሳይኖረኝ የሌለ ቤት ምን ልሠራ እገባለሁ? እናንተ ግቡ። ከወደዳችሁት ትነግሩኛላችሁ።"

ገቡ። መጀመሪያ የጮኸው ዲሬክተሩ ነው።

"እንዴ! እንዴ! ይኼ ነው ቤት ማለት! ማዕድ ቤቱ በግራ! ያ አርክቴክት በመጨረሻ ሰማኝ!"

"የእማዬ ክፍልስ!" አለች ፋርማሲስቷ፣ እጇን ዘርግታ እየተሽከረከረች። "ኧረ ይኼ ክፍል አይደለም፣ አዳራሽ ነው! ኳስ ያጫውታል!"

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ በእግሯ ጣት ወለሉን ደባበሰች፣ ሌላ ሁለት እርምጃ ሄደች። "ደረጃ የለም" አለች። "በሩም ጋ የለም፣ የትም የለም። ልሙጥ ነው። እማዬ፣ ልሙጥ ነው!"

ስምንት ወር ሙሉ ሰላም ያልወረደበት ሳሎን ውስጥ ሳቅ ፈላ። ቴክኒሻኑ ልቡ ቅቤ ጠጣ። በሐሳቡ አልጋው ላይ ወጥቶ ተንጋልሎ፣ ሁለት እግሩንና አንድ አንገቱን በአንድ ጊዜ ዘርግቷል።

"ነይ ማዕድ ቤቱን ላሳይሽ!" አለ ዲሬክተሩ ታናሽ እህቱን። አለና በግራ በኩል ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ።

"መጣሁ!" አለች እሷ። አለችና በቀኝ በኩል ወደ መጋረጃው ሄደች።

"መስኮቱን እይው!" አለ እሱ ለቴሌቪዥኑ።

"ሲያምር! ቁም ሳጥኑንስ አየኸው ጋሼ?" አለች እሷ ለመጋረጃው።

"ምን የመሰለ ቁም ሳጥን!"

ወንድምና እህት ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው፣ በመሐላቸው ሳሎኑን የሚያህል ርቀት ጥለው፣ አንድ ማዕድ ቤት ያደንቃሉ። ለቴክኒሻኑ ያኔ ገባው። አንድ ቤት ውስጥ አይደሉም። ሦስት ሰው ሦስት ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ሁሉም የየምኞቱን አግኝቶ ነው የሚስቀው።

አፉን ከፈተ። ሶፋውን አየ። አፉን ዘጋ።

"ዓርብ ጠዋት እንፈርማለን!" አለ ዲሬክተሩ ጭንብሉን አውልቆ፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ክብ ታትሞበት። አማቹን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "አንተ ልጅ፣ ለካ ትጠቅማለህ!" በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝምድና ውስጥ ከዲሬክተሩ አፍ የወጣለት የመጀመሪያ ምስጋና ነው።

ሲሄዱለት የራሱን አሮጌ መነጽር አደረገና የአርክቴክቱን ፋይል ሳይነካካ እንዳለ ከፈተው። ኮንትራክተሩ የሚሠራው ይህንን ነው። ማዕድ ቤቱ በቀኝ ነው። የእማማ ክፍል አልጋ ገብቶ ወንበር ከገባ ሰው የሚወጣባት ናት። በዋናው በር ላይ ደግሞ፣ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ደረጃ።

መነጽሩን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ መሳቢያውንም ዘጋው። "ምናልባት ኮንትራክተሩ ራሱ ያስተካክለዋል" አለ ለራሱ። ኮንትራክተር ምንም ነገር በራሱ እንደማያስተካክል እያወቀ።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው እማማን ፀሐይ ሊያሞቅ አወጣቸው። የሱ ቤት በር ላይ ሁለት ደረጃ አለ። እማማ የሚወርዱት ወደ ኋላ ዞረው፣ ሁለት እጁን ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። አንዱ እግር ይወርዳል፣ ያርፋል፣ ይተነፈሳል፣ ከዚያ ሌላው።

"አይዞዎት እማማ፣ አንዱ ቀረ።"

"ስንቷን ሴት 'ግፊ፣ በርቺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ' እያልኩ ስጮህባት ኖሬ" አሉ እያለከለኩ፣ "እኔን ከሁለት ደረጃ የሚያዋልደኝ ልጣ?"

ወረዱ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና የእጁን መዳፍ ሳይለቁ እንዲህ አሉት፦ "ተመስገን ነው። አዲሱ ቤት ደረጃ የለውም አሉኝ። ልጅቷ ማታውን ስታለቅስ አመሸች፣ በደስታ። አንተ ነህ አሉ ያገላገልከን።"

ቴክኒሻኑ የጎረቤቱን አጥር አየ፣ ሰማዩን አየ። የሚረዳው አላገኘም።

"እማማ… ደረጃ አለው።"

"ምን አለው?"

"ደረጃ። አራት።"

"አራት?" እማማ የወረዱባቸውን ሁለት ደረጃዎች ዞር ብለው አዩ፤ በልባቸው እጥፍ አደረጉት። "እና ልጆቼ ምን አይተው ነው እንደዚያ የዘለሉት?"

እንደምንም አስረዳቸው። ሦስት መነጽር፣ ሦስት ቤት።

"አንተ መቼ አወቅህ?"

"ትናንት።"

"ትናንት መቼ?"

"እነሱ ሲስቁ" አለ መሬት መሬቱን እያየ።

እማማ አተኩረው አዩት። ሕፃን ሲወለድ ጣቶቹን የሚቆጥሩበት አስተያየት ነው።

"ያ ሶፋ ያን ያህል ይቆረቁራል?"

"በጣም፣ እማማ።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል። በል ጥራቸው።"

ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱም ተሰበሰቡ። ቴክኒሻኑ እንደ ፈተና የወደቀ ተማሪ መሐል ቆመ። ዲሬክተሩ ደግሞ ይህን አቋቋም ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት በደንብ ያውቃል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

"ግልጽ አድርገህ ተናገር።"

"ጋሼ፣ የእርስዎ መነጽር ሌላው 'ወደፊት' የሚለውን እሱ 'ወደኋላ' ብሎ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ቤቱን እንደ መስታወት ገልብጦ አሳየዎት፤ ማዕድ ቤቱ በቀኝ ነው። ያንቺ ነጩ ደግሞ፣ እህቴ፣ መለኪያ በጉልህ ያልተጻፈበት ነገር ካገኘ የቆምሽበትን ክፍል እስኪሞላ ይለጥጠዋል። የእማማ ክፍል ጠባብ ናት።" ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ወደ እሷ መዞሩ ነው የከበደው። "ያንቺ ስልክ አቅም የለውም። የከበደውን ነገር ዝም ብሎ ይተወዋል።"

"ምኑን ተወ?" አለች ሚስትየዋ።

"ደረጃውን።"

ጉድ ፈላ።

"ሦስት ሰው አንድ መድኃኒት ቢጠይቅህ ሦስት የተለያየ ብልቃጥ ሰጥተህ፣ ጣፈጠን ስንልህ ቆመህ ታያለህ?" አለች ፋርማሲስቷ።

"ይኼ ሰውዬ ዝም አለኝ!" አለች ሚስትየዋ ለእናቷ፣ እሱ የሌለ ይመስል። "ሳለቅስ እያየኝ ዝም አለኝ!"

ከሁሉም የባሰ የተናገረው ግን ዲሬክተሩ ነው። ትንሽ አሰበና ጣቱን ቀሰረ፦ "እኔ ምንም አልሰማሁም። በደስታ ልንፈርም ነበር። ነገሩን እንደነበረ መልሰው!"

"እንደነበረ ማለት ጋሼ?"

"ሁላችንም ደስ ያለን ጊዜ እንደነበረው!"

"ጋሼ፣ ኮንትራክተሩ ሦስት ቤት አይሠራልንም እኮ።"

"እሱ የኮንትራክተሩ ጉዳይ ነው!"

እማማ ከወንበራቸው "ዓርብ ገና አልመጣም" አሉ። "ልጁ ያበላሸውን ይጠግን። እናንተም ነገ ኑ።"

ቴክኒሻኑ ሱቁ ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። በዚህ ጊዜ "ይሠራል" አላለም፤ ሠራ። የጥቁሩን ግራና ቀኝ ከሌሎቹ ጋር አስታረቀ። ለነጩ ይህች ሜትር ናት፣ ይህችም ሜትር ናት እያለ በየግድግዳው ላይ ጻፈለት። ለሚስቱ ስልክ አራቱን ደረጃዎች አቅልሎ፣ ጌጥና ጥላቸውን ገፍፎ፣ ጡብ የመሰሉ አራት ሣጥኖች አደረገላት፤ ስልኩም እነዚህንስ ልሸከም አለ። ደግሞም መነጽር ያደረገ ሰው አጠገቡ ያለውን ሰውና ዕቃ ከቤቱ ጋር እንዲያይ አደረገ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ ልጆች አኩርፈው መጡ፣ አኩርፈው መነጽራቸውን አሠሩ። ቤቱ አንድ ዓይነት ሆኗል። ማዕድ ቤቱ ለሁሉም በቀኝ፣ ክፍሏ ለሁሉም ጠባብ፣ ደረጃው ለሁሉም አራት። ቴክኒሻኑ ሊተነፍስ ሲል ፋርማሲስቷ ጮኸች።

"ጋሼ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆመህ ምን ትሠራለህ?"

"ማን ነው መታጠቢያ ቤት? እኔ ሳሎን ነኝ! አንቺ ነሽ አጥሩ ላይ የቆምሽው!"

"እኔ ከሁለታችሁም ውጭ ነኝ" አለች ሚስትየዋ፤ "ቤቱ ከኋላዬ ነው።"

እዚህ ላይ ነበር ያልታሰበው ጣጣ። ቤቱ አንድ ሆነ እንጂ የት እንደሚቆም አልተነገረም። እያንዳንዱ መነጽር በተከፈተበት ቦታ ላይ "በሩ እዚህ ነው" ብሎ የራሱን ቤት ተከለ። ሦስቱም በዓይናቸው የሚያዩት አንድ ምልክት ያስፈልጋል፤ "ቤቱ የሚጀምረው ከዚህች ነው" የሚባል። ቴክኒሻኑ ምልክት በወረቀት አትሞ ወለሉ ላይ ለጠፈ፤ ዲሬክተሩ ቆመበት። ነቅሎ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ የመስኮቱ ብርሃን አንጸባረቀበትና ጥቁሩ መነጽር አላየሁም አለ። በሩ ላይ ለጠፈው፤ በሩን ሰው ከፈተው፤ ቤቱ ተሽከርክሮ ኮሪደር ገባ።

"ኧረ የኔ ስልክ ራሱ የሆነ ነገር ይዟል" አለች ሚስትየዋ። ስልኳ ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። "የእማዬን ብርድ ልብስ ነው።"

ዳማው! ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፤ መነጽሮች የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው። ቴክኒሻኑ ብርድ ልብሱን የቤቱ መነሻ ምልክት አድርጎ በሦስቱም መነጽሮች ላይ መዘገበ። ጥቁሩ አየው፣ ነጩ አየው፣ ስልኩ ቀድሞ ይዞታል።

"እማማ፣ ለአንድ አፍታ አይንቀሳቀሱብኝ።"

"እኔን አትንቀሳቀሺ ያለኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ" አሉ፤ ግን ተቀመጡ።

ዲሬክተሩ እጁን ዘርግቶ የበሩን መቃን ነካ፤ ፋርማሲስቷም ያንኑ መቃን ነካች፤ እጅ ለእጅ ተነካኩና ደነገጡ። ሚስትየዋ ከታች ሆና ደረጃዎቹን ቆጠረች። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስቱም አንድ ነገር እያዩ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ተጣሉ።

"በቀኝ ማዕድ ቤት ሬሳዬ ላይ ነው የሚሠራው!" አለ ዲሬክተሩ።

"ይቺን ክፍል ነው እማዬ የምትኖርባት? እኔ የሳል ሽሮፕ የማስቀምጥባት ትሰፋለች!"

"ደረጃ! አራት ደረጃ! ማዕድ ቤታችሁንም ክፍላችሁንም እዚያው!"

ጩኸቱ ሲጦፍ እማማ ጉሮሯቸው ደረቀና መስኮቱ ላይ ያለውን የውኃ ብርጭቆ ለማንሣት ጎንበስ አሉ። ብርድ ልብሱ ሸርተት አለ።

"ወዴት ነው? ኧረ ቤቱ ሄደ!" ዲሬክተሩ እጁን አወናጨፈ። "ምድጃው ውስጥ ነኝ! ምድጃው ውስጥ ገባሁ!"

"ምን ሆኑ?" አሉ እማማ።

"ምንም አይደለም እማማ። ቤቱ የሚከተለው የእርስዎን ጉልበት ነው። ወደ ግራ ካሉ ወደ ግራ ይላል፣ ቀና ካሉ ቀና ይላል።"

ይህን ባይነግራቸው ምን ነበረበት! እማማ ብርጭቆውን አስቀመጡና ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ መሪ እንደ ያዘ የአውቶቡስ ሾፌር። ለሙከራ ያህል ወደ ቀኝ ጎተት አደረጉት። ሦስቱ ልጆቻቸው እኩል ተንገዳገዱ፣ የሌለ ግድግዳ ለመያዝ።

"እማዬ!"

"በሉ አሁን በየተራ አውሩ። ሌላው ሲያወራ ያቋረጠ የት እንደማደርሰው አላውቅም።"

ዲሬክተሩ አቋረጠ። እማማ ብርድ ልብሱን አንዴ ሳብ አደረጉት።

"እማዬ፣ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነኝ!"

"አውቃለሁ። እዚያው ሆነህ ስማ።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ፋርማሲስቷ ዞር ዞር ብላ በእማማ ክፍልና በሳሎኑ መሐል አንዲት ክፍል አገኘች።

"ይቺ ምንድን ናት? መጽሐፍ መደርደሪያ አላት።"

ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል ጉሮሮ የመጠራረግ ድምፅ ተሰማ። "የጥናት ክፍል ናት። አርክቴክቱን እኔ ነኝ የጠየቅሁት። እማዬን ልጠይቅ ስመጣ የምሠራበት…"

"በወር አንዴ ለአሥር ደቂቃ ነው የምትመጣው!" አሉ ሁለቱ እህቶች በአንድ አፍ።

"ግድግዳው ይፍረስና ክፍሏ ትስፋ" አሉ እማማ። "ማዕድ ቤቱ በቀኝ ይሁን፤ ጠዋት ፀሐይ የምሞቀው ክፍሌ ውስጥ ነው እንጂ ሽንኩርት እየላጥኩ አይደለም። ምን ትላለህ አንተ?"

"እኔ በመርህ ደረጃ…"

ብርድ ልብሱ ላይ ያለው እጅ ተንቀሳቀሰ።

"ተስማምቻለሁ! እማዬ፣ ተስማምቻለሁ፤ አውጪኝ!"

ኮንትራክተሩ ወረቀቱን በብብቱ ይዞ በሩን የከፈተው እዚህ ላይ ነው። ዓይናቸው የታሰረ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አየር ጨብጠው ቆመዋል፤ አንዲት አሮጊት ብርድ ልብስ ይነዳሉ።

"በኋላ ልምጣ?" አለ።

"ና ግባ፣ ግን ወደ ግራ በል፤ ግድግዳ ላይ ነህ" አለችው ሚስትየዋ። ሜትሯን ከአንገቷ ላይ አውርዳ ደረጃው ባለበት ባዶ ወለል ላይ ተንበርክካ ነበር። "የጥናት ክፍሏ ግድግዳ ይፍረስ። አራቱን ደረጃ ደግሞ አንሣና እዚህ ቀስ ብሎ የሚወጣ ልሙጥ መንገድ አድርግልኝ። ከዚህ እስከዚህ። አንድ ሰው ከነመደገፊያው የሚያስኬድ።"

ኮንትራክተሩ የምታሳየውን ባዶ ወለል አየ፣ ቴክኒሻኑን አየ፣ ራሱን አከከ። "ይቻላል። ግን መሬቱን መሙላት አለ፣ ግድግዳም ይፍረስ ብላችኋል። አራት ወር ያልኩት ዘጠኝ ይሆናል።"

"ዘጠኝ ወር ምን አላት" አሉ እማማ። "እኔ የማውቀው ደግ ነገር ሁሉ በዘጠኝ ወሩ ነው የሚመጣው።"

ፈረሙ። ዲሬክተሩ ፈረመ፣ ፋርማሲስቷ ከጀርባው ያለውን ሁሉ አንብባ ፈረመች፣ ሚስትየዋ ፈረመች። ኮንትራክተሩ ወረቀቱን አጥፎ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ሊያመልጥ ብሎ ይመስላል፣ በፍጥነት ወጣ።

ቴክኒሻኑ ግድግዳውን ተደግፎ ዘጠኝን በሠላሳ ያባዛል።

"እስቲ ያንተን መነጽር አምጣ" አሉት እማማ በድንገት። "ከወደዱት እኔም ልየው።"

ከመሳቢያው አወጣ፣ ብርድ ልብሱን መዘገበበትና በጥንቃቄ አሠረላቸው። እማማ ጎንበስ ብለው ብርድ ልብሳቸውን አዩ፤ ቤቱም ተነሥቶ ዙሪያቸውን ቆመ። ሚስትየዋ ክንዳቸውን ይዛ ቀስ አድርጋ አስነሣቻቸው። ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ተዉትና ሦስት እርምጃ ሄዱ፤ ወደ ክፍላቸው ገቡ ማለት ነው። የሌለውን የመስኮት ደፍ በእጃቸው ዳበሱ።

"መስኮቱ ጥሩ ነው" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ወፈር ብሏል። ወዲያው ግን ተመለሱና፦ "ይኼ ልጅ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ሊያድር ነው? ትናንት ዝም ቢል ኖሮ አልጋው በአራት ወር ይመለስለት ነበር።"

ሦስቱም ልጆች ተያዩ፤ ማለትም መነጽሮቻቸው ተያዩ። ሚስትየዋ ካኮረፈች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞረች። ከራሱ እስከ ጫማው በዓይኗ ለካችው፤ ልማዷ ነው። ከዚያ ቤቱን በጣቷ አጠፋችውና አርክቴክቱ ከፋይሉ ጋር ከላከው የቤት ዕቃ ዝርዝር ውስጥ አንድ አልጋ መርጣ ሳሎን መሐል ዱብ አደረገችው።

"ሶፋው ይውጣና እውነተኛ አልጋ ገዝተን እዚህ እናድርግለት። ሁለት ሜትር ከሃያ ይበቃዋል።"

"ከግድግዳው ይጠጋ" አለ ዲሬክተሩ። "መተላለፊያ ዘጋሽ።"

"ግድግዳው እርጥበት አለው ጋሼ፣ ሳንባውን ያመዋል። ወደ መሐል!" አለች ፋርማሲስቷ።

"ራስጌው በየት በኩል ነው?"

"በቴሌቪዥኑ በኩል!"

"በቴሌቪዥኑ በኩል እግርጌው ነው የሚሆነው፤ ተኝቶ በምን ሊያይ ነው? በተረከዙ?"

"ቀስ! ትራሱን ረገጥሽው!"

ሦስቱም አንድ አልጋ ዙሪያ ይሽከረከራሉ፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዷ ትጎትታለች፣ አንዷ አንሶላውን ታስተካክላለች። አንድም ሰው የተሳሳተ ቦታ አልነካም፣ አንድም ሰው ከአንዱ ጋር አልተጋጨ። መነጽሮቹ እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ቴክኒሻኑ ይህን ሁሉ ሲያይ በሥራው ኩራት ተሰማው፤ በርግጥ እሱ የሚያየው ባዶ ወለል ነው። የሱ መነጽር እማማ ዓይን ላይ ነው። እሱ ራሱ ራስጌው በበሩ በኩል ቢሆን እንደሚመርጥ ሊናገር፣ ወደ መሐል አንድ እርምጃ ገባ።

"ልጄ" አሉት እማማ፣ "ጫማህን አውልቅ፤ አልጋው ላይ ቆመሃል።"